ፊደል ለቃሚና የጋፋት እቶን

ሥራው ሲሞት አብሮት የሚቀበር ቃል አለ። «ፊደል ለቃሚ» ከነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ይህን ቃል ቢሰማ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ይቸገራል። ቃሉ ግን የአንድ የተከበረ ሙያ መጠሪያ ነበር። ፊደል ለቃሚ በማተሚያ ቤት ውስጥ፣ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች ከተከፋፈለ ሳጥን ፊት ቆሞ፣ ከእርሳስ የተሠሩ ፊደላትን አንድ በአንድ እያነሣ ከፊደል ቃል፣ ከቃል መስመር፣ ከመስመር ገጽ ያቆም የነበረ ሠራተኛ ነው። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በዚህ አገር የታተመው መጽሐፍና ጋዜጣ በነዚህ ሰዎች ጣት ያለፈ ነው። ደራሲውን እናውቀዋለን፤ አዘጋጁን እናውቀዋለን፤ ማተሚያ ቤቱም ስሙ በመጽሐፉ ጀርባ ሠፍሯል። ለቃሚው ግን የለም።

የዚህን ቃል ታሪክ ከደብረ ታቦር ልጀምር ስል አንባቢ ግራ ሊጋባ ይችላል። ስለ ኢትዮጵያ የኅትመት ታሪክ ሲወራ ምጽዋ፣ ከረን፣ አሥመራ፣ ሐረርና አዲስ አበባ ይነሣሉ እንጂ ደብረ ታቦርን የሚያነሣ የለም። እውነት ነው፤ በዘመነ መሳፍንትም ሆነ በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ በዚያች ከተማ ማተሚያ አልተተከለም። ነገር ግን ማተሚያ ለመትከል የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በአንድ ወቅት በዚያው ደጋ ላይ ተሰብስቦ ነበር። መጽሐፍ የሚያውቅ እጅ ነበር። ብረት የሚያቀልጥ እቶን ነበር። ለእጅ ሥራ የሚጓጓ ንጉሥም ነበር። ሦስቱ ሳይገናኙ ቀሩ። ለምን እንዳልተገናኙ መጠየቅ ፊደል ለቃሚው ኋላ ለምን ስም የለሽ ሆኖ እንደቀረ ለመረዳት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የቁም ጸሐፊው አገር

የደቡብ ጎንደር ደጋ የመጽሐፍ አገር ነው። ድጓ ለማስመስከር የፈለገ መሪጌታ የሚሄድባት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚፈልግ ተማሪ የሚማርባት ዙር አምባ፣ እነ ማኅደረ ማርያምና ቆማ ፋሲለደስ ሁሉ በዚህ ምድር ናቸው። ከጉና ተራራ ግራና ቀኝ የቆሎ ተማሪ ያልረገጠው መንገድ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ትምህርት ባለበት ደግሞ መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፍ ባለበት ጸሐፊ አለ።

ቁም ጸሐፊ የሚባለው ሰው ሥራው መጻፍ ብቻ አልነበረም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ ይፍቃል፤ ብራናውን ያለሰልሳል፤ በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምራል። ጥላሸት ከሌላ ቅመም ጋር አሽቶ ጥቁር ቀለም ያዘጋጃል። ለአምላክና ለቅዱሳን ስም ደግሞ ቀይ ቀለም አለው። ቀለሙን በቀንድ ይዞ፣ ቀንዱን መሬት ላይ ተክሎ፣ የመቃ ብዕሩን ቀርጾ ይቀመጣል። ጽፎ ሲጨርስ ተጠርዞ፣ በእንጨት ገበታና በቆዳ ተለብጦ፣ ተደጉሶ ማኅደር ውስጥ ይገባል። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ዛሬ በማተሚያ ቤትና በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል የምንጠቀምባቸው ብዙዎቹ ቃላት ከዚህ ሰው የተወረሱ ናቸው። መጽሐፍ ሲሰፋና ሲያያዝ «ተጠረዘ» እንላለን፤ ሥራው ጥራዝ፣ ሠራተኛው ጠራዥ ነው። ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው «ዓምደኛ» የተባለው የብራና ገጽ በዓምድ ስለሚከፈል ነው። የገጹ ዳር «ኅዳግ» ነው። ተዘልሎ ወይም ተሳስቶ የተጻፈው «ግድፈት» ነው። ቀለም ቀለም ነው፤ ገጽም ገጽ ነው። ፈረንጁ መኪናውን ቢያመጣም መኪናው የሚናገርበትን ቋንቋ ያወጣለት ደብተራው ነው ማለት ይቻላል።

ቁም ጸሐፊው ሌላም ነገር ነበረው፤ ስም። በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ያስጻፈው ሰው፣ የተሰጠበት ደብር፣ የጻፈውም ሰው ስም በጸሎት ተጠቅሶ እናገኛለን። ጸሐፊው ራሱን «ኃጥእ» ቢልም፣ አንባቢ በጸሎቱ እንዲያስበው ቢለምንም፣ በትሕትናው ውስጥ ስሙን አስቀምጧል። ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያንን ብራና የሚገልጥ ሰው ማን እንደጻፈው ሊያውቅ ይችላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የንጉሥ ማኅተም

«ማተም» የሚለው ግሥ ራሱ ከየት መጣ? ሥሩ የግእዙ «ኀተመ» ነው፤ ማሸግ፣ ማኅተም ማሳረፍ ማለት ነው። በጥንቱ አነጋገር የሚያትመው ንጉሥ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤዎች ፊርማ የላቸውም፤ አንበሳ ያለበት ማኅተም ግን አላቸው። ማኅተም የሥልጣን ምልክት ነው። ያልታተመበት ወረቀት ቃል ብቻ ነው፤ የታተመበት ትእዛዝ ነው።

የፈረንጅ ማተሚያ ሲታወቅ አባቶቻችን ለአዲሱ ሥራ አዲስ ቃል አላወጡም። በቀለም የተነከረ ቅርጽ ወረቀት ላይ ሲያርፍ አይተው «ይህማ ማኅተም ነው» ያሉ ይመስላል። ንጽጽሩ ልክ ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው። ነገር ግን በዚህ አሰያየም የንጉሥ የነበረ ግሥ ቀስ በቀስ ወደ ተራ ሠራተኛ ወረደ። ንጉሥ በአንድ ማኅተም አንድ ደብዳቤ ያትም ነበር፤ ሠራተኛው በብዙ መቶ የእርሳስ ማኅተሞች አንድ ገጽ ያትማል።

የግእዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው ከአገሩ ርቆ ነው። በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን በሮም ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ፊደል ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። መነኮሳቱ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ለአንባቢ ያቀረቡት ይቅርታ በኅትመት ታሪካችን ውስጥ ከማውቃቸው ቃላት ሁሉ የሚነካኝ ነው። የሚያትሙት ሰዎች ግእዝ ማንበብ እንደማይችሉ፣ ማንበብ የሚችሉት መነኮሳት ደግሞ ማተም እንደማያውቁ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ እየተረዳዱ እንደሠሩት ይነግሩናል።

ከዚህ የበለጠ የሁለት ሙያ መለያየትን የሚገልጽ ነገር የለም። ቁም ጸሐፊው ፋቂም፣ ቀለም ቀማሚም፣ አንባቢም፣ ጸሐፊም ነበር። በሮም ግን እጅና ንባብ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለያዩ። አንዱ ያውቃል፣ ሌላው ይሠራል። በኋላ ዘመን ፊደል ለቃሚ የተባለው ሰው ይህን ስንጥቅ የሚሰፋ ሰው ነው፤ የሚያነብ እጅ፣ የሚሠራ ዓይን።

ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቀጥቃጭ

ታዲያ በአገራችን ላይ ይህ ስንጥቅ እንዳይሰፋ ያደረገው ምን ነበር? መልሱ ያው ቃላቶቻችን ውስጥ ነው። «ጠቢብ» በግእዝ የተማረ፣ አስተዋይ፣ ሊቅ ማለት ነው። ሰሎሞን ጠቢብ ነው። በበጌምድር ገበሬ አፍ ግን ከዚያው ሥር የወጣው «ጠይብ» ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው ነው፤ አልፎም በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ የሚፈራው ቡዳ ነው። አንድ ሥር ወደ ሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ቅኔ ማኅሌት ገባ፣ ሌላው ከመንደር ውጭ ሰፈረ።

«ፋቂ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ብራና የሚፍቀው ደብተራና ቁርበት የሚፍቀው ሰው እጃቸው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። ደብተራው ግን ክቡር ነው፤ ሌላው «ፋቂ!» ተብሎ ይሰደባል። በአውሮፓ ከተሞች ባለ እጆች በየሙያቸው ማኅበር አቋቁመው፣ አለቃቸውን መርጠው፣ የሥራቸውን ዋጋና የተለማማጁን ዘመን ራሳቸው ይወስኑ ነበር። በጎንደር ዘመን የግንበኞችና የአናጢዎች አለቆች እንደ «በጅሮንድ» ያለ ማዕረግ ማግኘታቸው ይታወቃል፤ ማዕረጉ ግን ከቤተ መንግሥት የሚሰጥ እንጂ ባልንጀሮቻቸው መርጠው የሚያቆሙት አልነበረም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ነገር ከቀደሙት ነገሥታት የተለየ ዓይን አይተውታል። ከቅድስት ክሪሾና የመጡ ወጣት ሚስዮናውያን ወደ አገራቸው ሲገቡ ንጉሡ ይበልጥ የፈለጉት ስብከታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር። ክሪሾና በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ያለች ኮረብታ ናት፤ እዚያ ያለው የሚስዮን ትምህርት ቤት ሰባኪዎቹን የእጅ ሙያም ያላቸው አድርጎ ያወጣ ነበር። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንዝለን ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ከደብረ ታቦር ብዙ በማይርቀው በጋፋት ሠፈሩ። ሞሪትዝ ሃል የተባለ ፖላንዳዊ መድፍ ቀላጭም አብሯቸው ነበር። መንገድ ሠሩ፣ ሠረገላ ሠሩ፤ በመጨረሻም ንጉሡ አጥብቀው የጠየቁትን መድፍ ቀለጡ።

መድፍ የማቅለጥ ልምድ ያልነበራቸው እነዚህ ሰዎች ሞክረው ሲከሽፍባቸው፣ እንደገና ሲጀምሩ፣ እቶኑን ሲያሻሽሉ ቆዩ። በ1867 እ.ኤ.አ. ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን የሚነገርለት ሴባስቶፖል ከጋፋት ወጣ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን በሰው ኃይል እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገዱን እየጠረጉ፣ ገደሉን እየናዱ እስከ መጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. ተጓዙ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል።

ጋፋትን ሳስብ ሁልጊዜ የሚያብከነክነኝ አንድ የአሠራር ነገር ነው። ጉተንበርግ በ1450ዎቹ እ.ኤ.አ. ማይንዝ ላይ ማተሚያውን ሲፈለስፍ የወርቅ አንጥረኛነትን ሙያ ይዞ ነበር። የፈጠራው ልብ መጫኛው መኪና አይደለም፤ ፊደል ማቅለጡ ነው። ፊደሉ በጠንካራ ብረት ላይ ይቀረጻል፣ በለስላሳ ብረት ላይ ይመታና ቅርጹ ይቀራል፣ በዚያ ቅርጽ ላይ ቀልጦ የሚፈስሰው እርሳስ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ተቀላቅሎ ሺህ ጊዜ አንድ ዓይነት ፊደል ይወልዳል። መድፍም እንዲሁ ነው፤ መዳብና ቆርቆሮ ይቀልጣል፣ ቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል፣ ይረጋል። ሙያው የአንድ ቤተሰብ ነው። የጋፋት እቶን መድፍ ከወለደ ፊደልም ለመውለድ ብዙ አይቀረውም ነበር።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳይመስል አንድ ሁለት ነገር ልጨምር። ጋፋት ላይ እሳቱ በሚነድበት በዚያው ዘመን፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ሎሬንዞ ቢያንኬሪ የተባለ የላዛሪስት ሚስዮናዊ ምጽዋ ላይ ማተሚያ ተክሎ ነበር። የጋፋት ሰዎችን ያሠለጠነችው ክሪሾናም ኋላ የመጽሐፍ ማተሚያ ቦታ ሆናለች፤ ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመው እዚያ ነው። ከአንድ ኮረብታ ለደብረ ታቦር መድፍ ወጣላት፤ ለኦነሲሞስ መጽሐፍ ወጣለት። ጸሐፊም በደብረ ታቦር አልጠፋም ነበር። የንጉሡን ታሪክ በጥሩ አማርኛ የጻፈው ደብተራ ዘነብ በዚያው ዘመን የኖረ ሰው ነው። የጻፈው ታሪክ ግን በኤኖ ሊትማን አዘጋጅነት የታተመው በ1902 እ.ኤ.አ. በባዕድ አገር ነው።

በንጉሡ ላይ ለመፍረድ አይደለም። በየአቅጣጫው የሸፈተ መኳንንት የከበበው ሰው ከፊደል መድፍ ቢያስቀድም ምን ይገርማል? ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የመድፉ ስም ተርፏል፤ የፈረንጆቹም ስም ተርፏል፤ ዋልድማየር ኋላ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አሳትሟል። ከነርሱ ጋር እንጨት የከመሩት፣ ወናፍ የነፉት፣ ብረት ያፈሰሱት፣ ሙያ የተማሩት የአገሬው ልጆች ግን ስማቸው የለም። በደብሩ ውስጥ አንድ መዝሙረ ዳዊት የጻፈ ደብተራ ስሙ ሲቀር፣ በጋፋት ሴባስቶፖልን የቀለጠ ጠይብ ስሙ ጠፋ። የማዝነው ማተሚያ ባለመተከሉ ብቻ አይደለም። የእጅ ሥራ ከደብሩ እስኪወጣ ድረስ ስም ነበረው፤ ከደብሩ ሲወጣ ስሙን አጣ።

የይፋጉ ልጅ

ደጋው ከማተሚያ ጋር የተገናኘው በሰው ነው። በ1861 እ.ኤ.አ. ገደማ በበጌምድር በይፋግ አካባቢ የተወለደ አንድ ልጅ ወላጅ በማጣቱ ዘመድ ፍለጋ ወደ ምጽዋ ወረደ። ይፋግ ያን ጊዜ በገበያዋና በወይኗ የምትታወቅ ቦታ ናት። ልጁ ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ። ይህ ልጅ ኋላ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም የተባሉት ሊቅ ናቸው።

ሚስዮኑ በምንኩሉ፣ ኋላም በአሥመራ ማተሚያ ነበረው፤ የአገር ልጆችም የማተሚያ ሥራ ይማሩበት ነበር። አለቃ ታየ በዚያ ቤት ተምረው አስተማሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰውም የአባቶችን ትምህርት ጨመሩ። የግእዝን ሰዋስው በአማርኛ የሚያስተምረው መጽሐፋቸው በ1889 እ.ኤ.አ. ምንኩሉ ላይ ታተመ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ደግሞ በ1914 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ታትሞ ወጣ። ዐፄ ምኒልክ ወደ በርሊን ልከዋቸው ቋንቋ አስተምረዋል። በሃይማኖታቸው ምክንያት የደረሰባቸውን ክስና እንግልት ለማውራት ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ለኛ ነገር ግን አንድ ነጥብ ይበቃል። ከጣና ዳር የሄደ የበጌምድር ልጅ የአባቶቹን ሰዋስው በእርሳስ ፊደል አንብቧል። ከዚያ መጽሐፍ ጀርባ የአለቃ ታየ ስም አለ። ፊደሉን ገጽ በገጽ የለቀሙት የምንኩሉ ልጆች ግን እንደ ጋፋት ልጆች ናቸው።

ሳጥኑ ፊት የቆመው ሰው

ወደ አዲስ አበባ እንለፍ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. አንድሪያስ ካቫዲያስ የተባለው ግሪካዊ «አእምሮ» ጋዜጣን ሲጀምር ቅጂዎቹ በእጅ ይጻፉ እንደነበር፣ ቁጥራቸውም ሃያ አራት ያህል እንደነበር ይነገራል። የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የቁም ጸሐፊ ሥራ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ማተሚያ መጣ። ልዑል ራስ ተፈሪ በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ማተሚያ ቤት ብርሃንና ሰላም ተባለ፤ በዚያው ስም የሚጠራው ጋዜጣ በታኅሣሥ 1917 ዓ.ም. መውጣት ጀመረ። ማተሚያ ቤቱን የመሩት የኤርትራው ተወላጅ ገብረ ክርስቶስ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። በቀይ ባሕር ዳርቻ የተጀመረው ሙያ በሰው ወደ መሐል አገር ገባ።

«ፊደል ለቃሚ» የሚለው ስም የሚገባን ሥራውን ስናይ ነው። የላቲን ፊደል የሚለቅም ሠራተኛ ሃያ ስድስት ፊደል በትልቁና በትንሹ ይዞ ከምልክቶቹና ከቁጥሮቹ ጋር ከመቶ ብዙም ሳይርቅ ይጨርሳል። የኛው ሰው ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ሲያባዛ 231 ይሆናል። በዚህ ላይ እነ ኳ፣ ቋ፣ ጓ ያሉት ዲቃሎች፣ የግእዝ ቁጥሮች፣ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ይጨመራሉ። ከ250 በላይ ክፍል ያለው ሳጥን ፊት መቆም ማለት ነው። «ሀ» የት እንዳለች፣ «ኀ» የት እንዳለች፣ «ሐ» የት እንዳለች ዓይን ሳይሆን እጅ ያውቃል። ፊደሉ ደግሞ እንደ መስተዋት ተገልብጦ ነው የሚነበበው። ለቃሚው መስመሩን ከግራ ወደ ቀኝ እያቆመ የተገለበጠ አማርኛ ያነባል። የታተመው ገጽ ሥራው ሲያልቅ ይፈርስና እያንዳንዱ ፊደል ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንዲት «ሰ» በ«ሠ» ቤት ብትገባ በማግሥቱ ግድፈት ትሆናለች።

በእርሳስ ዘመን ከሠሩ አረጋውያን ጋር የመጨዋወት ዕድል አግኝቻለሁ። የሁሉም ወሬ አንድ ነው፤ ደራሲ ሲሳሳት ለቃሚው ያርማል፣ ለቃሚው ሲሳሳት ደራሲው ይጮኻል። ፊደላችን ለማተሚያ አይመችም፣ ይቀንስ፣ ይሻሻል ብለው ምሁራን በተከራከሩበት ዘመን ሁሉ ለቃሚው ያንን የማይመች ፊደል ዝም ብሎ ሲለቅም ኖሯል። ክርክሩንም ራሱን የለቀመው እሱ ነው።

ስሙን እንመርምረው። በደጋው «ለቀማ» ትንሽ ሥራ ነው። ምስር ይለቀማል፣ ጭራሮ ይለቀማል፤ የሴትና የሕፃን ሥራ ተደርጎ ይታያል። ሌላው ዓለም ለዚሁ ሙያ የሰጠው ስም ከፍ ያለ ነው። ከግሪክ የተወሰደው «ታይፖግራፈር» በቅርጽ የሚጽፍ ማለት ነው፤ የአሜሪካ ሠራተኞች በ1852 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ማኅበራቸውን ሲያቋቁሙ የጠሩት በዚህ ስም ነው። ጀርመኖች ማተምን «ጥቁር ጥበብ» ይሉት ነበር፤ እኛ ጠይቡን የምንፈራበትን ቃል እነሱ ኮርተውበት ማዕረግ አደረጉት። የእንግሊዞቹ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። በአንድ ማተሚያ ቤት ያሉ ሠራተኞች ማኅበራቸውን «ቤተ ጸሎት»፣ መሪያቸውን «የቤተ ጸሎቱ አባት» ብለው ይጠሩ ነበር። አንዳንዶች ስሙ ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. በዌስትሚኒስተር ገዳም ቅጥር ማተሚያ ከመትከሉ የመጣ ነው ይላሉ።

ይህን ስሰማ ለደቡብ ጎንደር ሰው እንግዳ ሊሆን እንደማይችል ታየኝ። በዚያ ደጋ ማኅበር ማለት የጽዋ ማኅበር ነው፤ መሪው «ሙሴ» ይባላል። የማኅበር አባል ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት ይቀበራል፣ ሲቸገር ይረዳል። የለንደኑ አታሚ ከቤተ ክርስቲያን ቃል ተውሶ የሠራተኛ ማኅበር ከሠራ፣ የኛው ሠራተኛ ተውሶ ሳይሆን ወርሶ ነው። «ማኅበር» የሚለው ቃል በጽዋው ዙሪያ ከተቀመጡት ሰዎች ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ።

ስም የሰጠው ማኅበር

መንገዱ ግን አጭር አልነበረም። ሕግ የሠራተኛ ማኅበርን በማያውቅበት ዘመን ሠራተኛው በዕድር ስም ይሰባሰብ ነበር፤ በ1940ዎቹ የወንጂ ስኳር ሠራተኞች መሰባሰቢያ እንዲህ ያለ ዕድር ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሰው በመረጠው ሙያ የመሥራትና ለዚሁ ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው ተቀበለ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በ1956 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪና የሠራተኛን ግንኙነት ሕጋዊ መልክ ሰጠው። የካቲት 1966 ዓ.ም. ሲያበቃ ይኸው ማኅበር የጠራው አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ዙፋኑን ካናወጡት ነገሮች አንዱ ሆነ። ማኅበሩ በደርግ ዘመን ፈርሶ በሌላ ስም እንደገና ቆመ፤ ከደርግ በኋላም ኢሠማኮ ተቋቋመ። በኢሠማኮ ሥር ካሉት የኢንዱስትሪ ፌዴሬሽኖች በአንዱ ስም ውስጥ «ኅትመት» የሚለው ቃል አለ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ንጉሡ ማኅተም ነበራቸው፤ ደብተራው በብራናው መጨረሻ ስም ነበረው። ጠይቡ ግን ስድብ እንጂ ስም አልነበረውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው እየጠሩ መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል፤ ዐዋጅ ስድብን ሊያስቆም ይችላል፣ ክብርን ግን አይሰጥም። ክብር ባልንጀሮች ተሰብስበው «እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ነን» ሲሉ የሚመጣ ነገር ነው። የማተሚያ ሠራተኛው የግል ስሙ በመጽሐፍ መጨረሻ ባይሠፍርም በማኅበር የወል ስም አገኘ። በሮም ዕውር ዕውርን መራ ተብሎ የተነገረለት ሥራ እዚህ የሚያነብና የሚሠራ፣ የሚደራጅና የሚጠይቅ ሰው ወለደ።

ከዚያ እርሳሱ ሄደ። ኦፍሴትና ኮምፒውተር ሲገቡ ሳጥኑ ተነሣ፤ ፊደሉም ብዙው ለሌላ ጥቅም ቀለጠ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ወጥቶ የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ እንጉዳይ ሲፈላ፣ ገጹን የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ ወንበር ላይ የተቀመጠ የኮምፒውተር ጸሐፊ ነበር። ደብረ ታቦርም በዋናው መንገድ ዳር «ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚሉ ትንንሽ ሱቆች አሏት። በጋፋት ዘመን ያልተተከለው ማተሚያ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የዱሮው ሳጥን ይመለስ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እርሳስ ጤናን ይጎዳል፣ ቀኑን ሙሉ መቆምም እግርን ይሰብራል።

መመለስ ያለበት ሌላ ነገር ነው። በብራና ዘመን የነበረውን አንድ ልማድ ትተነዋል፤ መጽሐፉን የሠራውን እጅ በመጽሐፉ መጨረሻ መጥራትን። በእርሳስ ዘመን የሠሩ ለቃሚዎች አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ። ስማቸውን የሚጽፍ፣ ሳጥኑ እንዴት ይከፋፈል እንደነበር፣ ተለማማጅ ስንት ጊዜ ይማር እንደነበር፣ ማኅበራቸው እንዴት እንደቆመ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አሳታሚም ቢሆን በገጽ ማቆም፣ በማረምና በመጠረዝ የደከሙትን ሰዎች ስም በመጨረሻው ገጽ ላይ ለማስፈር አንድ መስመር ቦታ አይከብደውም።

ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ተኝቷል፤ የቀለጡት የአገሬው ልጆች ማን እንደነበሩ መድፉ አይናገርም። መድፍ ስለማይናገር አይፈረድበትም። መጽሐፍ ግን የሚናገር ነገር ነው። ለሌላው ሁሉ የሚናገር መጽሐፍ ፊደሉን አንድ በአንድ ለለቀመለት ሰው ዝም ካለ፣ ዝምታው የመጽሐፉ ሳይሆን የኛ ነው።